ማጅራቱ እስኪገተር አትጠብቁ

ግልጽ ደብዳቤ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለጤና ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጋው ሳይጠነክር ስለ ማጅራት ገትር ሊደረግ የሚገባውን ስለማሳሰብ

ሐኪም አይደለሁም፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለዚህ በሽታ ከማውቀው ግማሹን ያገኘሁት ከንባብ ነው፤ ግማሹን በሽታው ራሱ ቤታችን ገብቶ አስተምሮኛል።

ጊዜው 1981 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። እኔ 12፣ ታናሽ ወንድሜ 7 ዓመታችን ነው። የምንኖረው ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነበር። ቀትር ላይ ከብቶቹን ትቶ መጣና ራሴን፣ ራሴን እያለ ተኛ። እናቴ ምች መትቶታል አለች። የምች መድኃኒት ደግሞ ከጓሮ አይጠፋም፤ ዳማከሴ ተቀጠፈ፣ ታሸ፣ ጭማቂው ግንባሩን ተቀባ፣ ጥቂቱም በቡና ተደርጎለት ጠጣ። ሌሊቱን በትኩሳት ሲነድ አደረ፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሲነጋ በሩን ስንከፍት ብርሃኑን ሸሽቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ዓመት የበሽታው ወሬ በየአቅጣጫው ይሰማ ስለነበር ጎረቤት ተሰበሰበ። አዋቂ የሚባሉ አንዲት እናት አንገቱን ደግፈው አገጩን ወደ ደረቱ ዘንበል አደረጉትና፣ «የለም፣ ይሄ እሱ አይደለም፤ ማጅራቱ መች ተገተረና!» አሉ። ሁላችንም እፎይ አልን። ማጅራቱ የተገተረው በማግስቱ ማታ ነው። በቃሬዛ ተሸክመነው ጤና ጣቢያ ስንደርስ ራሱን ስቶ ነበር።

ተረፈ። ልጅ የቀበሩ ጎረቤቶች ስለነበሩን ደስታችንን እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የተደሰትነው። ከሳምንታት በኋላ እናቴ ከኋላው ስትጠራው ዞር እንደማይል አስተዋለች። አሁን 44 ዓመቱ ነው። የተዋጣለት አናጢ ነው። አይሰማም።

እኒያ እናት አልዋሹም፤ ያሳሳታቸው የበሽታው ስም ነው። ማጅራት የአንገታችን ኋላ ነው፣ መገተርም መወጠር፣ ድርቅ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ዓይኑ ጥሩ ነበር። ችግሩ ያየው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት አራተኛ ክፍል ላይ «ማጅራት ገትር ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ተማሪ ከማጅራት መቺ ጋር አምታቶት «ማታ ማታ የሚዘርፍ ሌባ ነው» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ሳበቃ፣ ልጁ ያን ያህልም እንዳልሳተ ታሰበኝ፤ ሁለቱም ከኋላ ነው የሚመጡት።

በሽታው አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ልባስ መቆጣት ነው። የሚያስቆጣው ብዙ ነው፤ ቫይረስ፣ የቲቢ ጀርም፣ ኤችአይቪ አቅሙን ባደከመው ሰው ላይ ደግሞ ፈንገስም ሊሆን ይችላል። አገር የሚያዳርሰው ወረርሽኝ ግን በዋናነት የአንድ ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ሜኒንጎኮከስ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከማንኛውም ትኩሳት አይለዩም። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ብርሃን መጥላት፣ መፍዘዝና መቃዠት ይከተላሉ። አንገት የሚደርቀው ከእነዚህ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ጭራሽ ላይደርቅ ይችላል፤ ጡት እምቢ ማለት፣ መዝለፍለፍ፣ ሲያቅፉት የሚብስ ለቅሶ፣ ያበጠና የተወጠረ እርግብግቢት ነው የሚታየው። አንዳንዱ በሽተኛ ቆዳው ላይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ብርጭቆ ተጭነው ቢያዩት አይጠፋም። በእኛ ቆዳ ላይ ቶሎ አይለይምና መዳፍን፣ የእግር መርገጫንና የዓይን ሽፋንን የውስጥ ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ይኼኛው ሲመጣ የቀረው ጊዜ በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ሜኒንጎኮከስ ጠዋት ሲጫወት የነበረን ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ ትንሽ ነው፤ በሬዲዮም፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የምታስተላልፉት መልእክት ከትኩሳት ይጀምር፣ ማጅራትን መጨረሻ ላይ ያንሳ። «ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከዚያ ላይ ትውከት ወይም መፍዘዝ ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ» ቢባል አንዲት እናት ትይዘዋለች። ዳማከሴውንም አትከልክሏት፤ እየተቀባ ይሂድ። መንገድ ላይ ቢሸት ማንንም አይጎዳም።

ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ያለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አምና የጎረቤቴ ልጅ፣ የ16 ዓመት ወጣት፣ ትኩሳት ይዟት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ስሙ ይቅር፤ እንደሱ ያለ በየመንደሩ አለ። ደም ተወሰደና «ታይፎይድም ታይፈስም አለባት» ተባለ። በአገራችን ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሳይሰማ የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ድሮ ታይፎይድ በያዘው ሰው ላይም፣ ሌላ ሕመም ባለበትም ሰው ላይ «አለ» ሊል እንደሚችል ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቁታል። ለሦስት ቀን መርፌ ተወጋች። በሦስተኛው ቀን መቃዠት ስትጀምር ሆስፒታል ተወሰደች።

እዚያ ሐኪሙ ከወገቧ ውሃ መቀዳት አለበት አለ። አባቷ አሻፈረኝ አለ፤ «ሽባ ያደርጋታል!» ይህን ፍርሃት ከከተማ እስከ ገጠር የማያውቀው የለም። ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አባትየውን ወንበር ላይ አስቀምጣ በገዛ ጀርባው ላይ በጣቷ እያሳየች አስረዳችው፤ የሕብለ ሰረሰሩ ገመድ የሚያልቀው እዚህ ከፍ ብሎ ነው፣ መርፌው የሚገባው ደግሞ ከሱ ዝቅ ብሎ ውሃ ብቻ ባለበት ነው። አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ፈረመ። ልጅቷም ዳነች፣ ወገቧም ደህና ነው። ከተቀዳው ውሃ ግን ጀርሙ አልተገኘም፤ ሦስት ቀን ሙሉ መርፌ ስትወስድ ከርማ በምን ይገኝ? የትኛው ባክቴሪያ እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እናንተ ዘንድ ይህ አንዲት ልጅ ዳነች ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ወረርሽኝ የሚታወቀው በቆጠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደኛ ያሉ አገሮች ያስቀመጠው መስፈርት ግልጽ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ100,000 ሰው 3 ሲታመም ማስጠንቀቂያ ነው፣ 10 ሲደርስ ወረርሽኝ ነው። ከ30,000 ሰው በታች በሆነ ቦታ ደግሞ በሳምንት 2 ሕመምተኛ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 5 ወረርሽኝ። ሁለት ሰው! አንዱ «ታይፎይድ» ተብሎ ክሊኒክ ከቀረ፣ ሌላው ጠበል ቦታ ከሞተ፣ ወረዳው ሪፖርቱ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ዜሮውን አይቶ የሚነቃነቅ መኪናም፣ ክትባትም የለም። እኛ ቤት አገጩን ዘንበል አድርገን «ገና ነው» እንዳልነው፣ ወረዳውም «ገና ነው» ይላል ማለት ነው።

ስለዚህ፦ የግል ክሊኒኮች በዚህ በጋ ትኩሳትና መፍዘዝ አብሮ የታየበትን በሽተኛ «ደም ይመርመር» ብለው እንዳያቆዩት፣ የተጠረጠረውንም ሁሉ በየሳምንቱ ሪፖርት ውስጥ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። ሆስፒታሉ ሩቅ በሆነበት ጤና ጣቢያ ሴፍትሪያክሶን የተባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ አይጥፋ፤ በሽታው በጥብቅ ከተጠረጠረ የመጀመሪያው መርፌ እዚያው ተሰጥቶ ይላክ እንጂ፣ በሽተኛው አምቡላንስ ሲጠብቅ ባዶ እጁን አይዋል። ካልታከመ ከሁለት ሰው አንዱን ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። በዓለም ደረጃ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከያዛቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ይሞታል፣ ከአምስት ሰዎች አንዱ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል።

ወደ ክትባቱ ልመለስና። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በአገራችን በተነሡት ሁለት ትላልቅ ወረርሽኞች በእያንዳንዳቸው ከ40,000 በላይ ሰው ታሟል። የኛው የ1981ዱ መንገዱ ተጠንቶ ታውቋል፤ ጀርሙ እ.ኤ.አ. በ1987 መካ ላይ በሐጅ ወቅት ወረርሽኝ ካስነሣው ከቡድን «ኤ» ዝርያ ጋር አንድ ነው (ሜኒንጎኮከስ «ኤ»፣ «ሲ» እየተባለ በቡድን ይከፈላል)። በቀጣዩ ዓመት ቻድና ሱዳን ላይ ታየ፣ ከዚያ እኛ ጋ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐጃጆች የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ አድርጋለች። አሁን የሚጠየቀው አራት ቡድኖችን የሚከላከለው ሲሆን፣ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። በዚህ በኩል ሐጃጆቻችን ከሌላው ሰው ይልቅ የተጠበቁ ናቸው። ቀሪው ሕዝብስ?

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው፣ 26 አገሮችን በሚያካልለው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ የድሮው ወረርሽኝ አብዛኛው የቡድን «ኤ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እና 97 ብቻ በቀበቶው 250,000 ያህል ሰው ታሞ 25,000 ሞቷል። ያንን እልቂት ተከትሎ ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራው የቡድን «ኤ» ክትባት፣ ሜንአፍሪቫክ፣ ዋጋው ከግማሽ ዶላር በታች ነበር። እስከ 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ አራት ቀን መቆየት እንዲችልም ተፈቅዶለታል። ሶላርም ማቀዝቀዣም ለሌለው ቀበሌ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ክትባት በበቅሎ ሲጫን ያየ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ፤ እኛ ጋ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በሦስት ዙር ዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላለው ሕዝብ ተሰጠ። ያኔ ተማሪዎቼን አሰልፌ ያስከተብኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ነበር፣ አንዱም በመስኮት ዘሎ አምልጦኛል። ውጤቱ ግን የሚያኮራ ነው፤ በቀበቶው ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቡድን «ኤ» ሕመምተኛ በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም።

ይህን ያነሣሁት ሁለት ነገር ለመጠየቅ ነው። አንደኛ፣ ከዘመቻው በኋላ የተወለዱት ልጆች አሁን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ዙር ሲሰጥ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። የመከላከል አቅም በሕዝብ ውስጥ እንዲኖር አዲስ የሚወለደው እየተተካ መከተብ አለበት። የእነዚህ ልጆች ነገር ምን እንደታሰበ በግልጽ ንገሩን፣ ወላጆችም ይጠይቁናል። ሁለተኛ፣ «ኤ» ሲገፋ «ሲ»፣ «ደብሊው» እና «ኤክስ» ቦታውን ይዘዋል፤ ኒጀርና ናይጄሪያ በ«ሲ» ወረርሽኝ በሺዎች ታመውባቸዋል። እነዚህን ሁሉ፣ «ኤ»ንና «ዋይ»ን ጨምሮ፣ በአንድ መርፌ የሚከላከለው አዲሱ ክትባት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት ጥራቱ ጸድቋል፤ ናይጄሪያም በ2024 እ.ኤ.አ. ከሁሉም ቀድማ ተጠቅማበታለች። ወረርሽኝ ሲነሣ ከዓለም አቀፉ ክምችት ክትባት እንዲለቀቅ ማመልከት የተለመደ መንገድ መሆኑን አንብቤአለሁ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን እሱ ማጅራት ከተገተረ በኋላ የሚጻፍ ማመልከቻ ነው። አዲሱ ክትባት ለእኛ ቀበቶ ወረዳዎች በመከላከል መልክ መቼ እንደሚደርስ ቀኑን እንጠብቃለን።

በመደበኛው ክትባት ያለውን ደግሞ አላሳንስም። በ1999 ዓ.ም. የገባው ፔንታ የተባለው ክትባት «ሂብ» የተባለውን ጀርም ይከላከላል፣ በ2004 የገባው ፒሲቪ ደግሞ ኒሞኮከስን። ሁለቱም ጀርሞች ማጅራት ገትር ያመጣሉ፤ ሁለቱም ክትባቶች በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ይሰጣሉ። ሦስተኛውን ዙር «ልጁ ደህና ነው» ብለው የሚተዉ እናቶች አሉ። ፔንታ ላይ ጤና ኤክስቴንሽኗ «ከማጅራት ገትርም ያድናል» ብትላቸው የሚመለሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ይህን ስም የማይፈራ የለም።

ስለ ትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር ልበል፤ የኔ ቤት ነውና። ጀርሙ የሚተላለፈው በምራቅና በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በቅርብ በመተንፈስ፣ በመሳሳል፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት ነው። ብዙ ሰው ሳይታመም ጉሮሮው ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ወረርሽኝ ሲሆን ይህ ቁጥር ከአራት ሰው አንድ ሊደርስ ይችላል። «አቧራው አመጣው» ሲባል እሰማለሁ። አቧራ ጀርሙን አይሸከመውም፤ ጀርሙ ከሰው ውጭ ዕድሜ የለውም። የበጋው ደረቅ አየርና አቧራው ጉሮሮን እየላጠ በር ይከፍትለታል እንጂ። መጨናነቅ የቀረውን ይሠራል። 70 ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል «ብርድ ይመታናል» ብለን መስኮት እንዘጋለን። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰውማ ከነቤተሰቡ ነው የሚረገመው! አንድ ጊዜ ከደሴ ስመለስ አንድ ጣት ያህል ብከፍት አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ ልትገድለን ነው?» አሉኝ። እኚህን እናት የሚያሳምን ሰው እኔ አልሆንም። በሬዲዮ የሚናገር ሐኪም ግን ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ዶርሞች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የማሠልጠኛ ካምፖችና የተፈናቃዮች መጠለያዎች ከእኛ ክፍል ይብሳሉ፤ ቅድሚያው ለእነሱ ቢሆን አንቀየምም። አንድ ሰው በሜኒንጎኮከስ ሲያዝም አብረውት የሚያድሩት ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱት መከላከያ መድኃኒት እንዳለ ሰው ይወቅ፤ አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ሰምቶት አያውቅም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ በላይ የምቆምለት ነው። ወንድሜ ከሕክምና ሲወጣ ጆሮውን ማንም አልመረመረውም። በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል፤ አልወቅስም። ትምህርት ቤት ተመልሶ ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። አስተማሪው ሲጠራው ስለማይመልስ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል» ተብሎ ስንቴ ተገረፈ። ቤት መጥቶ ግርፋቱን ሲያሳየን እኛም «ለምን አትሰማም?» ብለን ቆጣነው። አፋችን ላይ እያየ ለመረዳት ሲታገል አሁንም ይታየኛል። እኔ መምህር የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ20 ዓመት ሥራዬ ስም ስጠራ ዞር የማይሉ ሁለት ልጆች አግኝቻለሁ። የሁለቱንም ወላጆች ጠርቼ «ታሞ ያውቃል?» ስል «አዎ፣ በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነበር፣ ግን ድኗል» አሉኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ማጅራት ገትር የያዘው ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልተቻለም በአራት ሳምንት ውስጥ፣ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት መክሯል። መቻኮሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በሽታ በኋላ የውስጥ ጆሮ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፣ ያኔ ቀዶ ሕክምናም ይቸግራል። መሣሪያው ከዋና ከተማ ውጭ በየቦታው እንደማይገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ እስኪገኝ ድረስ አንድ ወረቀት ይበቃኛል፤ ማጅራት ገትር ታክሞ የሚወጣ ልጅ ሁሉ የመውጫ ካርዱ ላይ «የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ለትምህርት ቤት ያሳውቁ» የሚል መስመር ይጻፍበት። ያን ወረቀት ወላጅ ለእኔ ይስጠኝ። ልጁን ከፊት ወንበር፣ አፌን በሚያይበት አስቀምጠዋለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ስጽፍም ጀርባዬን ሰጥቼ አልናገርም። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

መልሳችሁን በዚሁ በግልጽ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ደቡብ ወሎ

ግልባጭ፦
ለክልል ትምህርት ቢሮዎች
ለግል ክሊኒክ ባለቤቶች
ለሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ አንድ መስኮት እንዲከፈት